ጋሽ ሰይድ ጭማሪ የተዉ ቀን

ዛሬ ጠዋት ባጃጅ ሻጩ ጋሽ ሰይድ "ጭማሪውን በሙሉ ትቼልሃለሁ፤ እንካ ቁልፉን" ሲሉኝ፣ ወላሂ ከመደሰት ይልቅ ፈራሁ።

የሐይቅ ከተማ ሰው ጋሽ ሰይድን ያውቃቸዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስንጨቃጨቅ ነው የከረምነው። በዋጋው ከተስማማን በኋላ "የማስጫኛ አለ" አሉኝ። ቀጥሎ የሰሌዳ ማውጫ መጣ። ሸራው ለብቻ፣ ትርፍ ጎማው ለብቻ። መሪውም ለብቻው ይከፈላል እንዳይሉኝ ሁሉ ሰግቼ ነበር።

ዛሬም ትንሽ እንዲቀንሱልኝ ልለምን ነበር የሄድኩት። ሰላምታውን ሳንጨርስ ስልካቸው ጠራ። ወልድያ ያለው ወንድማቸው ነው። ሰምተው ዘጉት።

ከዚያ ነው ቁልፉን የሰጡኝ። የተስማማንበትን ብር ስሰጣቸውም ሳይቆጥሩ ኪሳቸው ከተቱት።

ጋሽ ሰይድ፣ ብር ሳይቆጥሩ!

"ምነው፣ ወንድምዎ ምን አለ?" አልኳቸው።

"አብሽር ልጄ። ብቻ ዛሬውኑ ነዳጅ ሙላባት።"

እኛ አገር አብሽር የምንለው ክፉ ለደረሰበት ሰው ነው።

ራዲዮው በወልድያ በኩል የሚመጣው ጦርነት እስካሁን ሩቅ ነው ይላል። ጋሽ ሰይድ ደግሞ ጭማሪ ትተዋል። ማንን ልመን?

እናቴ አዲሷን ባጃጅ ስታይ እልል ብላ ጎረቤት ጠራች። እኔ ግን ባጃጇን ጀርባዋን ለወልድያ ሰጥቼ፣ ፊቷን ወደ ደሴ አዙሬ ነው ያቆምኳት። ለምን እንደሆነ ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።

እናንተ አካባቢስ ነጋዴው እንዴት ነው? በአላህ፣ አሁንም ጭማሪ እየጠየቀን ነው በሉኝ።