ቻቱ የከላፓንን ወገን የያዘ ዕለት

በደቡብ ህንዷ ካኑር አንባቢ የሌለው የቢዲ ቤት፣ በቅጠል የሚጠቀለል ሲጋራ የሚሠራበት፣ ቤት አይባልም። ሠራተኛው ሁሉ ሰፌዱን ጭኑ ላይ አድርጎ ትንባሆ በቅጠል ሲጠቀልል፣ አንዱ ከፍ ብሎ ተቀምጦ ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል፤ የእሱን ድርሻ ሌሎቹ ይጠቀልሉለታል። ጠዋት ጋዜጣ ነው። የከሰዓቱን መጽሐፍ ራሳቸው ይመርጣሉ።

ቻቱ ፊደል አልቆጠረም። በክርክር ግን ከከላፓን በቀር የሚችለው አልነበረም። ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለ ትርፍ ሲጨቃጨቁ አረጁ።

«ትርፍ የሚወጣው ከሰው ጉልበት ነው» ይላል ከላፓን። «ባለሀብቱ ሰው እያባረረ የፋብሪካ መኪና በገዛ ቁጥር፣ ካወጣው ገንዘብ አንጻር ትርፉ እየሳሳ ይሄዳል። መጨረሻው መውደቅ ነው።»

«አይወድቅም! ሲንገዳገድ የእኛን ጀርባ ይደገፋል። ሰዓት ይጨምራል፣ ደመወዝ ይቀንሳል፣ ቀጥ ይላል።»

አንድ ቀን ቻቱ በክርክሩ ግሎ ትንባሆ ሳይጨምር ባዶ ቅጠል ሲጠቀልል ዋለ። ተቆጣጣሪው የቢዲውን እስር ሲፈታ ከላፓን በሳቅ ፈረሰ። «ኧረ ቻቱ! የባለቤቱን ትርፍ አንተው ጣልከው!»

ከላፓን በዝናቡ ወራት አረፈ።

ዝናቡ ሲያባራ፣ በቻቱ ምርጫ ከሰዓት የሚነበበው ወፍራሙ የካፒታሊዝም መጽሐፍ ስለ ትርፍ መውረድ ከሚናገረው ምዕራፍ መሃል ደርሶ ነበር። ያኔ ወጣቱ ናኑ አመፀ።

«ቻቱ ኤታ፣ ታላቅ ወንድማችን ነህ፣ እናከብርሃለን። ግን ይሄ ትርፍ ሲወርድ ከርሞ መሬት አልነካም! ልብ ወለድ ይነበብልን።»

ብዙዎቹ «እውነቱን ነው!» አሉ። አንባቢው ራጋቫን መጽሐፉን ሊዘጋ ሆነ።

ቻቱ ደነገጠ። ምዕራፉ ከተዘጋ፣ ከእሱና ከከላፓን ማን ልክ እንደነበረ ሳይሰማ ሊቀር ነው። ራሱ ገልጦ አያነበው። መለመን ደግሞ አያውቅበትም፤ የሚያውቀው መሟገት ብቻ ነው። ተሟጋቹ ግን የለም።

«ባለሀብቱ ይወድቃል!» አለ ድንገት።

ቅጠል የሚቆርጠው መቀስ ሁሉ ቆመ።

«ኤታ፣ ዕድሜህን ሙሉ አይወድቅም ስትል አልነበር?» አለ ናኑ።

«ጀርባችንን ይደገፋል ትላላችሁ። እሺ፣ ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው። ሃያ አምስተኛውን ከማን ይሰርቃል?» አለ ቻቱ።

«ደመወዝ ይቀንሳላ!» አለ ናኑ።

«ከባዶ በታች ይቀንስ?»

«መኪናውስ ሲረክስ? ወጪው ይቀንስለት የለ!»

ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ «እዚህ ያለው መኪና መቀስ ነው! በመቀስ የከሰረ ጌታ አይተን አናውቅም!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

«እዚህ ጎረቤት ያለው የሲጋራ ፋብሪካ መኪና እያገሳ፣ አንተ መቀስህን ቁጠር» አለው ቻቱ።

ናኑ ሰፌዱን አስቀመጠ። «ራጋቫን፣ እንዳትዘጋው! የዚህን ሽማግሌ አፍ የሚዘጋልኝን ገጽ አንብብ።»

ራጋቫን እስኪመሽ አነበበ። መጽሐፉ ትርፍ ይወርዳል አለ፤ የሚያወርደው ነገር ራሱ መልሶ ይደግፈዋልም አለ። ቻቱ አንዲት ቃል እንዳታመልጠው አንገቱን ዘንበል አድርጎ ሰማ።

«ታዲያ ማን ረታ?» አለ ናኑ።

«ከላፓን ቢሰማ ‹እኔ ነኝ› ይል ነበር።»

«አንተስ?»

«እኔማ ‹ይደግፈዋል› ያለው ላይ እገጥመው ነበር» አለ ቻቱ። ሰፌዱን አነሳና፣ «ያችን የመጨረሻዋን ገጽ ነገ ድገማት፣ ራጋቫን» አለ።