ለካሜራ የተነሱት አጎቴ

አጎቴ እንግዳ ቆሞ መቀመጥ አያውቁም ነበር፤ በዕድሜያቸው የተቀመጡበት ጊዜ ቢደመር አንድ ምሳ አያስበላም። አምና ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ ፍኖተ ሰላም መጥተው ሲያስተምሩን፣ "ሽማግሌ ተቀምጦ ሲያወጋ ቅረጹ" አሉን። ካሜራውን በሦስት እግሩ አቁሜ በርጩማው ላይ አነጣጠርሁ።

"አያ፣ ይቀመጡ እንጂ!"

"እንግዳው ቆሞ? አንተ ባለጌ፣ መጀመሪያ እሱን አስቀምጠው!" አሉ ካሜራውን በበትራቸው እያመለከቱ።

በሳቅ ሞትሁ። ካሜራውን ቀና ለማድረግ ሰነፍሁና እንደቆሙ ቀረጽኋቸው።

በአርባቸው ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ካሴቱን ከፈትሁ። ድምፃቸው አለ። ጋቢያቸውና በትራቸው አለ። ባዶው በርጩማ መሃል ላይ ተጎልቷል። ፊታቸው ግን ከላይ ተቆርጦ ቀርቷል።

ባለቤታቸው ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠግተው፣ "ልጄ፣ እስቲ ትንሽ ቀና አርገው፣ ፊታቸውን ልይ" አሉኝ።

ቴሌቪዥኑን ቀና አደረግሁላቸው።