አርማታን ፀሐይ ያስመታ ሰው

አብደታ ጅራታ በመቱ ከተማ ጭቃ በመምረግ የታወቀ ሰው ነበር። ዝናብ በማይለቀው በዚያ አገር የተመረገ ግድግዳ ቶሎ ካልደረቀ ሻግቶ ይወድቃል። አብደታ ግን ቤት ውስጥ እሳት እያስነደደ፣ ደመናው በተገለጠ ቁጥር በርና መስኮት እያስከፈተ ያደርቀዋል። የእሱ ግድግዳ አይሰነጠቅም ይባል ነበር፤ ይህንንም ከማንም አብልጦ የሚያምነው ራሱ ነበር።

ከነጻነት በኋላ በአንድ ሩቅ ቆላ ታላቅ የአርማታ ግድብ መሠራት ሲጀምር፣ አብደታ በመቱ አቅራቢያ ካለችው ከዳሪሙ ከመጣችው ከዋሪቱ ጋር በጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ዋሪቱ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ለእናቷ ትታ ለእንጀራ የወጣች ሴት ነበረች። እሱን ካቦ፣ የሠራተኞች አለቃ፣ አደረጉት፤ እሷ ውሃ ተሸካሚ ሆነች። የተመደቡት በማስተንፈሻው ላይ ነው፤ ግድቡ ሲሞላ ትርፉ ውሃ በሚወርድበት ሰፊ ተዳፋት። መሐንዲሱ አዲስ የፈሰሰው አርማታ በጆንያ ተሸፍኖ ሳያቋርጥ ውሃ እንዲጠጣ አዘዘ። ምክንያቱን አልነገራቸውም፤ አብደታም መጠየቅን እንደ ውርደት ቆጥሮ ተወው።

መሐንዲሱ ወደ ከተማ በሄደበት እሑድ አብደታ ሰማዩን ቀና ብሎ አየ። አንድም ደመና የለም። በመቱ ለእንዲህ ያለ ፀሐይ ስለት ይሳላል።

«ዋሪቱ፣ ውሃውን ተይው። ጆንያውንም አንሺው።»

«መሐንዲሱ ምን ይላሉ፣ ጋሼ?»

«ምን ይላል፣ ያመሰግነናል እንጂ። ርሶ የጸና ግድግዳ የት አየሽ?»

«እኔማ የማውቀው የእርስዎን ግድግዳ ነው። የእናቴን ቤት የመረጉልን ዛሬም እንደ ድንጋይ ቆሟል» ብላ ሳቀች። «እሺ፣ ጀርባዬም ይረፍ።»

ሰኞ ጠዋት አብደታ ወደ ተዳፋቱ ወጣ። ነጥቶ የደረቀው አርማታ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጣጥቋል። ጎንበስ ብሎ ጥፍሩን ከአንዱ ስንጥቅ ከተተ፤ ገባለት።

መሐንዲሱ መጥቶ አየና «ውሃ ማጠጣት የማን ሥራ ነበር?» አለ። ሁሉም ወደ ዋሪቱ ዞሩ። እሷ አብደታን አየችው።

«ውሃውን ያስተውኳት እኔ ነኝ» አለ አብደታ በለሆሳስ።

መሐንዲሱ ፈገግ አለ። «የአገርህን ሰው ብትሸፍን አልፈርድብህም። አንተን የመሰለ ካቦ ግን ይህን አያደርግም። እሷ ዛሬውኑ ትሂድ፤ ይህም ተፈንቅሎ ይውጣ።»

አብደታ ሊደግም አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት እፎይታ ተሰማው፤ ከስንጥቁም ይልቅ ያስደነገጠው ይኸው ነበር። አፉን መልሶ ገጠመ። አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ ብሎ ራሱን ሊያሳምን ሞከረ፤ የተናገረው ግን እንዳይታመን በሚበቃው ድምፅ ብቻ ነበር።

ዋሪቱ አላለቀሰችም። ጆንያዎቹን አጣጥፋ አስረከበችና ጠጋ አለችው።

«ጋሼ፣ እናቴን ምን ልበላት?»

አብደታ ጆንያዎቹን አንሥቶ ወደ ተዳፋቱ ወጣ።

ማስተንፈሻው ሌላ አርማታ ፈስሶበት ተጠናቀቀ፤ አብደታም ተሸልሞ ወደ መቱ ተመለሰ። ለምርጊት ከየአቅጣጫው ሲጠሩት ይሄዳል፤ ከዋሪቱ አገር ከዳሪሙ ሲጠሩት ግን አይሄድም። ሰዎች እግሩ የደከመ መሰላቸው።