የጽዋ ተራዬ

የማኅበራችን መሪ፣ ሙሴያችን፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙ የምታንስ ሴት፣ ጽዋው ከተቀመጠበት ጠረጴዛ አጠገብ ቆማ ነበር። የነፍስ አባታችን ከግድግዳው ጥግ ወንበር ላይ ተቀምጠው መስቀላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ጎረቤቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች። የቀሩት ሴቶች መደቡ ላይ ተደርድረዋል። እኔ መሐል ላይ ነበርኩ፤ በርጩማ ቢሰጡኝም አልተቀመጥኩም። የሚቆረጠው ነገር አንድ ነበር፤ የማርያም ጽዋ ከእንግዲህ ተራውን ጠብቆ ወደ ቤቴ ይመጣል ወይስ አይመጣም።

ነገሩ የጀመረው ከክረምቱ በፊት ነው። ጽዋውን በእጄ ተቀብዬ፣ በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ፣ ከጸሎት መጻሕፍቴ ጎን አስቀመጥኩት። በሚቀጥለው ወር በሃያ አንድ መደገስ ነበረብኝ። ማኅበርተኞቹ ነጭ ለብሰው ፍኖተ ሰላም ካለው ቤቴ ሲደርሱ በሩ ተቆልፏል። እኔ ቡሬ ልጄ ዘንድ ሄጄ ድንች እልጣለሁ። ጽዋው ከዓይኔ አልጠፋም ነበር፤ በየቀኑ አየው ነበር። ምናልባት ችግሩም እሱ ነው። ሁልጊዜ የሚታይ ነገር እንደ ግድግዳ ይሆናል፤ ምንም አያስታውስም።

ልጄ ጤና ጣቢያ ትሠራለች። አልተቆጣችኝም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ደሜን አስመርምራ፣ እንቅልፍ እንዳላጓድል፣ ጠዋት ጠዋት እንድራመድ፣ አንዱን ሥራ ሳልጨርስ ሌላ እንዳልጀምር፣ የማደርገውንም ጮክ ብዬ እንድናገር መከረችኝ።

ክረምቱን በዚህ አሳለፍኩ። በጭቃውም ቢሆን እስከ ደምበጫ መውጫ ድረስ እሄዳለሁ። ቁልፌን ከምስማሩ ሌላ ቦታ አላኖርም። የሰኞን ጸሎት ሰኞ፣ የማክሰኞን ማክሰኞ አደርሳለሁ፤ ቀኑ ሲጠፋብኝ ትናንት ያደረስኩትን አስባለሁ። ወፍጮ ቤት የሚሄደውን ጤፍ በሩ ላይ አስቀምጣለሁ፤ ሳልደናቀፍበት አልወጣም። ምድጃ ሳጠፋ «ምድጃውን አጠፋሁ» እላለሁ፤ በር ስዘጋ «ቆለፍኩ» እላለሁ። ይሠራል። ግን ይደክማል። ድሮ ሳላስበው ይሆን የነበረው ሁሉ አሁን ሥራ ሆኗል። ማታ የሚዝለው እጄ አይደለም።

ጎረቤቴ ይህን ሁሉ በአጥሩ በኩል ስትሰማ ከርማለች። ለሙሴዋም ነገረቻት።

ሙሴዋ በብዙ አክብሮት ጀመረች። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ልጄ ጠየቀች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ብቻዎን ያወራሉ ይባላል፣ እማማ» አለችኝ።

«ምድጃ ማጥፋቴን ነው የምናገረው።»

«ምድጃውስ ምን ብሎ መለሰ?» አለች ከመደቡ አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ፈገግ አልኩ። ልጄ የመከረችኝን አንድ በአንድ አስረዳሁ። ሰሙኝ፤ ግን በሽተኛ እንደሚሰማ ነው የሰሙኝ።

ሙሴዋ ነገሩን አስባበት ኖሯል። እኔ እንደ ወትሮው እየመጣሁ እንድበላ፣ እንድጠጣ፣ እንድባረክ፣ ድግሱን ግን እነሱ እንዲችሉት፣ ጽዋውም እኔን እንዲያልፈኝ አሳብ አቀረበች። ተራው ዞሮ ደርሶኝ ነበርና፣ የአሁኑን ወር ብቻ ስጡኝና እዩኝ ብዬ ጠየቅኩ።

ጎረቤቴ ከበሩ ላይ፣ «ደግሞ ቢረሱትስ? የማርያም ጽዋ እኮ ነው» አለች። በክፋት አልነበረም። አልማልኩላትም፤ አልረሳም ብሎ የሚምል ሰው ምን እንደሚረሳ አያውቅም።

«ዕረፍት ነው ልጄ፣ ቅጣት አይደለም» አሉ የነፍስ አባታችን።

«ተራ የሌለው ሰው እንግዳ ነው፣ አባ» አልኳቸው። «ማኅበርተኛ አይባልም።»

ሙሴዋ ጽዋውን አንስታ ከእኔ ቀጥላ ላለችው ሴት ሰጠቻት። ሴትየዋ ስትቀበል ዓይኗን ወደ እኔ አላነሣችም። መስቀል ተሳለምኩ። ጎረቤቴ ከበሩ ዘወር አለችልኝ። ወጣሁ።