እስቲ ልየው እና አመለኛው ሰርቨር

በመሥሪያ ቤቱ ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም «እስቲ ልየው» ይለዋል። በሩን ዘግቼዋለሁ ቢሉት ተነሥቶ መያዣውን ካልነካ አያምንም። ጸጉሩ የሸበተው ሰርቨር ክፍል ውስጥ ነው፤ ከሰው ሁሉ የማይጠረጥረው የገዛ እጁን ብቻ ነበር።

የወንድሙን ሚስት እዚያ ያስቀጠራት ራሱ ነው። ባለፈው ሰሞን የዋናውን ሰርቨር ኮንትሮለር ቅንብር እንድትቀዳ አዘዛት፤ ኮንትሮለር ማለት ማሽኑን ከሩቅ የሚያበራና የሚያጠፋው ክፍል ነው። ቀድታ ፋይሉን ሰጠችው።

«ሁሉም አለ፣ ጋሼ።»

«እስቲ ልየው» አለና ጥግ ላይ የቆመውን አሮጌ ሰርቨር አስነሥቶ ፋይሉን ጫነበት። ሠራ።

ከዚያ ወዲህ የዋናው ሰርቨር ኮንትሮለር አመል አወጣ። የይለፍ ቃሉን አንዴ ይቀበላል፣ አንዴ እምቢ ይላል። ቃሉን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እስቲ ልየው፣ እሷ ስትጽፍ ጣቶቿን ያያል፤ ስልክ ይዛ ስትወጣ በዓይኑ ይሸኛታል፤ ስትስቅ «በማን ይሆን?» ይላል በሆዱ። በመጨረሻ «የይለፍ ቃሉን እየቀያየረችው ነው» ብሎ ለአለቃው በስልክ ሹክ አለ።

«እውነት ከሆነ ዛሬውኑ ትሰናበታለች» አለ አለቃው። «መጣሁ።»

ወሬው ቀድሞ ደረሳት።

«ጋሼ፣ በእኔ ላይ?»

«እኔ አልነካሁም። ታዲያ ማን ይሁን?»

«ወንድምህ ሲሰማ ምን ይላል?»

«ወንድሜን እዚህ አታምጪው!»

እንባዋን ዋጥ አድርጋ ወደ ጥጉ አየች። «ያ ሽማግሌ ማሽን ምን ሆኖ ነው መብራቱ የሚበራው?»

«ፋይልሽን ሞክሬበት ነው።»

«ከነኔትወርክ አድራሻው?»

አሁን ገባው። ፋይሉ የዋናውን ሰርቨር አድራሻ ለአሮጌውም ሰጥቶታል፤ የይለፍ ቃሉን ግን አልሰጠውም። አንድ ቁጥር እንደተለጠፈባቸው ሁለት ቤቶች፣ ሲያንኳኳ አንዴ ይኸኛው፣ አንዴ ያኛው «አቤት» ሲለው ሰንብቷል። አሮጌው ደግሞ የሚያውቀው የራሱን የጥንት የይለፍ ቃል ነው።

የአሮጌውን ኬብል ነቀለና ሞከረ። ተከፈተ። ደግሞ ሞከረ። ተከፈተ።

አለቃው በሩን ገፍቶ ገባ። «እሺ፣ ማን ነው የነካካው?»

እስቲ ልየው የነቀለውን ኬብል ከፍ አድርጎ አሳየ። «እኔ ነኝ። እሷ የለችበትም።»

አለቃው ወደ እሷ ዞረ። «እውነቱን ነው?»

እስቲ ልየውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «እስቲ እኔም ልየው» አለችና ወንበሩን ስባ ተቀመጠች።

የይለፍ ቃሉን መጻፍ ስትጀምር፣ እስቲ ልየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።