የአዳራሹ ቄጤማ

እኔ ሾፌር ነኝ፤ ስብሰባ አልወድም። ለዓመታት አለቆች አድርሼ በር ላይ ስጠብቅ ስለኖርኩ፣ ውስጥ የሚባለውንና ውጭ የሚሆነውን አንድ ላይ አይቼዋለሁ። ያን ቀን ግን አዳራሽ ውስጥ ገባሁ። ያስገባችኝ እትዬ አገርነሽ ናት፤ እሷን ሳታውቁ ንዴቴ ስለማይገባችሁ ከእሷ ልጀምር።

አገርነሽ የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን ልጅ ናት። አባቷ ጣና ዳር ባለች አንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ድጓ ሲያስተምሩ ኖረው አረፉ። ባሏ ሲሞትባት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤታችን ከባሕር ዳር ወጣ ብሎ ያለውን ጨፌ እንድትጠብቅ ቀጠራት። ቦቲ ጫማ፣ ፊሽካና የዝናብ ልብስ ሰጧት። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ስሟን ትቶ “ኮማንደር” ይላት ጀመር። ከብት የሚያስገባውን፣ መረብ የሚዘረጋውን፣ ሙሽራ አስከትሎ ፎቶ ሊያነሳ የሚመጣውን ሁሉ ሳታዳላ ትሰድባለች። እኔንም አንድ ቀን ጥሩምባ ነፋህ ብላ ከነመኪናዬ አባራኛለች።

የምትጠብቀው ባለዘውዷን ሽመላ ነው። ጥቁር ወፍ ናት፤ ጉንጯ ነጭና ቀይ፣ ቁመቷ እስከ ሰው ወገብ የሚደርስ፣ ራሷ ላይ ወርቅማ ዘውድ ያላት። ድሮ ከጎርጎራ ጀምሮ በጣና ዙሪያ በመንጋ ትታይ ነበር ይላሉ ሽማግሌዎች። አሁን በእኛ ጨፌ የቀሩት አንድ ጥንድ ናቸው። ክረምቱ ሲገባደድ ውኃው መሐል ቄጤማውን ረጋግጠው እንደ መደብ ያነጥፉና እንቁላላቸውን እዚያ ይጥላሉ።

ጣጣው እዚህ ላይ ነው። እነሱ እንቁላል የሚታቀፉት ልክ እኛ ቄጤማ በምንፈልግበት ሰሞን ነው። ለእንቁጣጣሽ ቄጤማ፣ ለመስቀል ቄጤማ፣ ለባንክ ቅርንጫፍ ምረቃ ሳይቀር ቄጤማ። ወለሉ ላይ አረንጓዴ ካልተጎዘጎዘ በዓል የሆነ አይመስለንም፤ በማግስቱ ጠርገን እንጥለዋለን።

አገርነሽ አጫጆቹን ጨርሳ አልከለከለችም። አሮጌ ቀይ ሻሿን ቀደድ ቀደድ አድርጋ በየችካሉ ላይ አሰረችና ጨፌውን ለሁለት ከፈለችው። ከጨርቁ ወዲህ፣ በከተማው በኩል ያለውን እጨዱ፤ ከጨርቁ ወዲያ ግን ጫጩቶቹ መብረር እስኪጀምሩ የሰው እግር አይግባ አለች። አጫጆቹ መጀመሪያ ሰደቧት፣ ኋላ ለመዷት፣ ከዚያም የሚጥሰውን ራሳቸው ይነግሯት ጀመር። አምናና ካቻምና እንቁላሎቹን አንዴ ጎርፍ ወሰዳቸው፣ አንዴ ውሻ በላቸው። ዘንድሮ ግን ወፎቹ ከጳጉሜን ጀምሮ እየተፈራረቁ ሲታቀፉ ሰንብተው፣ መስቀል ሲደርስ እንቁላሉ ሊፈለፈል ምንም አልቀረውም ነበር። አገርነሽ ላገኘችው ሁሉ የምታወራው ይህንኑ ሆነ።

በዚያው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ስለ ረግረጋማ ስፍራዎች ጥበቃ ትልቅ ጉባኤ ጠራ። ለአገርነሽ የምስጋና ምስክር ወረቀት ሊሰጣት ስለታሰበ ሂድና አምጣት ተባልኩ። አልመጣም አለች። ሌላ ጠባቂ እንልካለን ብለው በስልክ ለመኗትና በስንት ጭቅጭቅ እሺ አለች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳ መኪናዬ ውስጥ ገባች። ያመጣኋት ጠዋት ነው፤ ጉባኤው የሚከፈተው ግን ከሰዓት በኋላ ስለነበር እስከዚያ ቢሮ አስቀመጧት።

ሰዓቱ ደርሶ ጉባኤው የተዘጋጀበት ሆቴል ስንደርስ የአዳራሹ ወለል ከዳር እስከ ዳር በቄጤማ ተጎዝጉዟል። ገበያ ላይ የምናየው ዓይነት አይደለም፤ ረጅም፣ ለምለም፣ ገና ውኃው ያልደረቀለት ነው። እንግዳው በተወለወለ ጫማው እየረገጠው ይገባል። አገርነሽ በር ላይ ቆመች። እንግባ ብላት አልሰማችኝም። ጎንበስ ብላ ከቄጤማው መሐል ቀይ የሻሽ ቁራጭ መዘዘች።

“አዘዘ፣” አለችኝ ቀስ ብላ፣ “ይህን ያሰርሁት እኔ ነኝ።”

የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊውን ምናሴን ፈልጌ ያዝኩት። ምንም ሳያፍር ነገረኝ። ጉባኤው ስለ ተፈጥሮ ስለሆነ አዳራሹ አረንጓዴ ይሁን ብሎ ጠዋት ፒክአፕና አጫጆች ልኳል። በከተማው በኩል ያለው ቄጤማ አጭርና የተረጋገጠ ሲሆንበት ከጨርቁ ወዲያ ያለውን አሳጨደ። አጫጆቹ ኮማንደር ትቆጣለች ብለው አንገራግረው ነበር፤ ትእዛዙ ከቢሮ ነው ብሎ ዝም አሰኛቸው። ይላካል የተባለውም ጠባቂ አልተላከም። የቢሮው መኪና እዚያ እያለ ጠባቂ ምን ያደርጋል አለኝ። ያ ቄጤማ ያን ያህል የረዘመው እሷ ስለጠበቀችው እኮ ነው! ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

መድረኩ ላይ የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ አቶ ግሩም ስለ ረግረጋማ ስፍራ ጥቅም ተናግረው ተጨበጨበላቸው። ከዚያ የአገርነሽ ስም ተጠራ። ወደ መድረኩ አልሄደችም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ካሰረች በኋላ ከፊተኛው ረድፍ ጀምራ ቄጤማውን ከሰዉ እግር ሥር ትሰበስብ ጀመር። የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው የሳቁ ነበሩ፤ ስልካቸውን የደገኑም ነበሩ። እሷ ከአንዱ ወደ ሌላው እያለፈች እግርዎን ያንሱልኝ ትላለች፤ ሰዉም እሺ ብሎ ያነሳል። ያ ሁሉ የተማረ ሰው እግሩን አንስቶ ተቀምጦ፣ ለምን ብሎ የጠየቃት አንድ እንኳ አልነበረም። አቶ ግሩም ራሳቸው ከመድረክ ወርደው አጠገቧ ቆሙና ምን ሆነሽ ነው አሏት።

“እርስዎም ያንሱልኝ፣ ጌታዬ። ጎጆዋ ላይ ቆመዋል።”

ቀዩን ጨርቅ አሳየቻቸው። ቄጤማው ከየት እንደታጨደ ገባቸው። መኪና አስነሳ አሉኝና ሦስታችን ሄድን።

ችካሎቹ ወድቀዋል። ከጨርቁ ወዲያ የነበረው ቄጤማ ሙልጭ ብሏል። መደቡ ተረግጦ ውኃ ገብቶበታል። ሁለቱም እንቁላሎች ተሰብረዋል፤ በአንደኛው ውስጥ ላባ ያወጣ ጫጩት አየሁ። ወፎቹ ራቅ ብለው ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አይጮኹም። አገርነሽም አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

አቶ ግሩም ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገብተዋል፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ምናሴ እንደሚቀጣ፣ ጨፌው እንደሚታጠር ነገሯት። እሷ የወደቀ ችካል አንስታ ተከለችና ቀዩን ጨርቅ መልሳ ታስርበት ጀመር።

“ወፎቹ ለከርሞ ተመልሰው ይመጡ ይሆን?” አሏት።

ቋጠሮውን ሳትጨርስ ቀና አላለችም።

“እናንተማ ትመጣላችሁ” አለች። “እሷን እንጃ።”