ለአንዲት ቀዳዳ የቆምንበት ሽምግልና

የተሰወረውን ሁሉ የሚያውቅ እግዚአብሔር የተመሰገነ ይሁን። ይህ ነገር የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ ጾመ ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ አሰላ በሚገኘው ቤቴ ነው። ከልቤ ያልወጣው፣ ዕድሜዬን ሙሉ በጎ ሥራ ብዬ በኖርሁበት በሽምግልና ከባድ በደል ልፈጽም ጥቂት ስለቀረኝ ነው።

ልጄ ሣራ አዲስ አበባ ውስጥ የአውሮፕላን ክፍሎች በሚመረቱበት ፋብሪካ የጥራት መሐንዲስ ናት። ሥራዋ ሌሎች የሠሩትን መመርመርና መለካት፣ ጉድለት ያለበትንም መዝግቦ ማገድ ነው። በዚያው ፋብሪካ ጌትነት የሚባል የሁሩታ ሰው ይሠራል፤ አባቱ አቶ በላይ የቆዩ ወዳጄ ናቸው። ጌትነት አንድ ቀን በአንድ ብረት ላይ አንዲት የብሎን ቀዳዳ ከልኳ አስፍቶ ይበሳል፤ ደንግጦም በማጣበቂያ ሞልቶ ቀለም ይቀባባታል። ሣራ ደረሰችበት። ብረቱን አገደች፤ ጥፋቱንም ጻፈች። ጌትነት የሁለት ልጆች አባት ነው፤ እንጀራው በዚያ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

ሣራ ለበዓል መምጣቷን የሰሙት አቶ በላይ ልጃቸውን አስከትለው፣ ጎረቤቴን ኦቦ ቱሳንም ጨምረው በዚያ ጭቃ መጡ። «የኔታ፣ እርስዎም አብረውን ይቁሙ» አሉኝ። እንቢ ማለት አልሆነልኝም። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ልጄ ፊት፣ ነጠላዬን አደግድጌ ቆምሁ።

ሣራ ደንግጣ ተነሣች። «ምነው አባዬ? ተቀመጡ እንጂ!»

«ቃላችንን ሳትሰሚ አንቀመጥም» አሉ አቶ በላይ። «ልጄ አጥፍቷል። ይቅር በይውና ያን ወረቀት ቅደጅልን።»

«ጋሼ በላይ፣ እኔ እኮ አልተቀየምሁትም።»

ኦቦ ቱሳ ሣቁ። «ካልተቀየምሽማ አለቀ! አውሮፕላኑ እንደሆነ ክስ አላቀረበም። በይ ቶሎ በይ፣ ጉልበቴ ዝሏል።»

ሁላችንም ሣቅን፤ እርሷም ሣቀች። ግን ከአቋሟ አልተመለሰችም። «ወረቀቱ የእኔ ቂም ቢሆን አሁኑኑ እቀደው ነበር። የተጻፈበት የብረቱ ልክ ነው። ስንት ሰው የሚሳፈርበትን ነገር እኔ በምን ሥልጣን ይቅር እላለሁ?»

ያን ጊዜ፣ እግዚአብሔር ይማረኝ፣ እኔ አፌን ከፈትሁ። «ልጄ፣ ስለ ሽበቴ ብለሽ። አንዲት ቀዳዳ ናት» አልኋት።

ዐይን ዐይኔን አየችኝና ወደ ጌትነት ዞረች። «እነዚህ አባቶች ስለ አንተ ቆመዋል። በእነርሱ ፊት ልጠይቅህ። እንዲህ ያደረግኸው አንድ ብቻ ነው?»

በአገራችን በቆሙ ሽማግሎች ፊት መዋሸት እርግማን መጥራት ነው። ጌትነት ዞሮ አባቱን አየ። የኦቦ ቱሳ ሣቅ ከፊታቸው ጠፋ። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እውነቱን አውጣው» አሉት።

«ሌላም አለ» አለ ጌትነት መሬት መሬት እያየ። «ከሁለት ሳምንት በፊት የሠራሁት። እሱ ምርመራውን አልፏል።»

ሣራ ለፋብሪካው ልትደውል ስልኳን ይዛ ወደ ደጅ ወጣች። እኛ ቆመን ቀረን፤ ልቀመጥ ያለ አልነበረም። አቶ በላይ ስለ ወረቀቱ ዳግመኛ አላነሡም፤ በነጠላቸው ጫፍ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ከቀትር በኋላ ተደወለላት። ሁለተኛው ብረት ታሽጎ ሊላክ ሲል ከመጋዘን ተገኝቷል። ሣራ ይህንንም ጻፈች፤ ጌትነት ራሱ እንደተናገረ ግን አብራ ጻፈች። እርሱም በኋላ ከመብሳት ሥራ ተነሥቶ ዝቅ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ ከሥራው ግን አልተባረረም።

እንግዶቻችን ከሄዱ በኋላ ልጄ አጠገቤ ተቀመጠች። «አባዬ፣ ከሁሉ የከበደኝ የእርስዎ ልመና ነው» አለችኝ። «አንድ ቃል ቢጨምሩ ኖሮ እሺ እል ነበር።»

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ለሽምግልና ስጠራ አስቀድሜ የምጠይቀው ያልተነገረ ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። ሰዎች አስተዋይ ይሉኛል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ያን ቀን አንዱን ቃል ያልጨመርሁት አስተውዬ አይደለም። ልጨምር ስል ሳል ያዘኝ፤ ሳሌ እስኪበርድ እርሷ ጥያቄዋን ጠይቃ ነበር።

ለእኔ በሳል የደረሰልኝ አምላክ፣ ለእናንተም ለአንባብያን በወደደው መንገድ ይድረስላችሁ። ቤታችሁን በሰላም ይጠብቅ፤ ከቤታችሁ ወጥቶ የሚጓዘውንም ሁሉ በደኅና ይመልስላችሁ፤ አሜን።